ሞተሮቹ ያረፉበት ረቡዕ

ሞተር ብስክሌት ሰው የሚጎዳው ሲሄድ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እኔን የጎዳኝ ቆሞ ነው። በዝናብ ነድቻለሁ፤ በረዶ ሄልሜቴን እየደበደበው ነድቻለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ተርብ ሸሚዜ ውስጥ ገብታ ከደረቴ እስከ እምብርቴ እየነደፈችኝ፣ የመንገዱ ዳር ጠባብ ስለነበር መቆም አቅቶኝ ሁለት ማይል ያህል እያለቀስኩ ነድቻለሁ። ከዚህ ሁሉ አንዱም የዚያን ረቡዕ ያህል አላደረገኝም። በዚያ ረቡዕ ሞተሬ ለአንዲት አጭር መንገድ ብቻ ወጣ ብሎ ቀኑን ሞቴል በር ላይ ቆሞ ነው የዋለው። የዕረፍት ቀናችን ነበር።

ዕረፍት ደግ ነገር ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እስከ ዛሬ ከማን ጋር እንዳረፈ እጠይቀዋለሁ።

እኛ አራት ነበርን። ሦስታችን ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ኦቤትስ፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እንሠራለን፤ ትንሹ ዳንኤል ደግሞ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ደብሊን በሚባል ሰፈር ቢሮ ያጸዳል። ዌርሃውሱ በሐምሌ አንድ ሳምንት ይዘጋል። በዚያ ሳምንት አብረውን የሚሠሩት አሜሪካኖች በሞተር ተሰብስበው ጫካ ለጫካ ይዞሩና ፊታቸው ተልጦ፣ አፍንጫቸው ቀልቶ ይመለሳሉ። ከዚያ እስከ ገና ድረስ ወሬያቸው እሱ ነው። እኛም ሦስት ዓመት ሙሉ ካዳመጥን በኋላ «እኛስ ምን አንሶን» አልን። የሚያንሰንን ብንጠይቅ ኖሮ ብዙ ነበር፤ ግን አልጠየቅንም። አራት ያገለገሉ ሞተሮች ገዛን።

ሐሳቡን የሰማ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እትዬ ጥሩነሽ ናት። እትዬ ጥሩነሽ በኮሎምበስ ሐበሻ የሚያገባውም የሚወልደውም የሚታመመውም እሷ ካወቀች በኋላ ነው። «ከጫካ ለመውጣት ስንት ዓመት ፈጀባችሁ፤ አሁን ደግሞ በቤንዚን ልትመለሱ ነው?» አለችን። እውነቷን ነው። ከአራታችን ሦስታችን ሱዳን የገባነው በእግር ነው።

ፕሮግራሙን ያወጡት ጋሼ ወርቁ ናቸው። ጋሼ ወርቁ አገር ቤት ሳሉ የመሥሪያ ቤት ሞተረኛ ስለነበሩ፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያደርሱ ስለኖሩ፣ በሞተር ጉዳይ ከሳቸው አፍ የወጣ ሕግ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መንዳት፣ ዛፍና ኮረብታ ብቻ ወደሆነው አገር፤ ረቡዕ ሙሉ ቀን ዕረፍት፤ ሐሙስና ዓርብ መመለስ። ዳንኤል «ለምን ረቡዕን እናባክናለን?» ቢላቸው «ያላረፈ ሞተር ዘይቱን ይጨርሳል፤ ያላረፈ ሰው ደግሞ ጸባዩን» አሉት። ሳቅን። ያኔ ገና ቅዳሜ ነበር፤ መሳቅ ይቻል ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን ከሞተሩ ጀርባ እያሰርኩ ሳለሁ ቤት ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ገብቼ አነሣሁት። እትዬ ጥሩነሽ ናት።

«ብቻህን ነህ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ በስልክ የጠየቀ ሐበሻ ደግ ነገር ይዞ አያውቅም። ብቻዬን መሆኔን ነገርኳት።

«የሰይፉ እናት አረፉ። ወንድሙ ዛሬ ጠዋት ኮል አደረገኝ። ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ሰው ሰብስባችሁ በወጉ አርዱት ብሎኛል።»

ሰይፉ አብሮን የሚጓዘው ሞተረኛ ነው። ጓደኛዬ ነው ብል ያንሳል፤ አንድ የእንጀራ ጫፍ ለሁለት ቆርሰን የበላንበት ጊዜ አለ። እናቱን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም፤ ግን ሲያወራ ስለኖረ መንገድ ላይ ባገኛቸው የማልስት ይመስለኝ ነበር። ካያቸው ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሄዶ ሊቀብራቸውም አይችልም፤ ወረቀታችን የስደተኛ ወረቀት ነው።

«እንግዲያው ዛሬውኑ እንሂድና እንንገረዋ» አልኳት።

«በምን ሰው? ግማሹ ሰው ነገ ሞርኒንግ ሺፍት ነው። ቄሱም ከሌላ ስቴት የሚመጡት ዓርብ ነው። ቅዳሜ ሲነጋ ሁላችንም ቤቱ እንሄዳለን።»

«ጉዞውስ?»

«ሂዱ። ከቀራችሁ ይጠረጥራል። ዝም ብላችሁ ውሰዱት፣ ዝም ብላችሁ አምጡት። ሞተር ላይ ነው፤ ሰምቶ ቢነዳ መኪና ሥር ይገባል። አደራ።»

አደራ ካለች በኋላ የሚከራከራት የለም። እኔ ደግሞ መከራከርም አልፈለግሁም፤ አምኜበት ነው። እኛ ዘንድ ሰው መርዶ ብቻውን አይሰማም። ሲነጋጋ ሽማግሌ ይመጣል፣ ሴቶች ይመጣሉ፣ ያ ሁሉ ሰው ደጅ ላይ ሲታይ ልብ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ ወይ በሞተር ጉዞ ላይ መንገር ነውር ነው። ለጋሼ ወርቁና ለዳንኤል ነገርኳቸው። ጋሼ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁና «አምስት ቀን ምን አላት» አሉ። ዳንኤል አለቀሰ። ያን ጊዜ ነበር ይህን ልጅ ትተነው መሄድ የነበረብን።

ሰኞና ማክሰኞ ተረፍን። ሞተር ላይ ያለ ሰው ወሬ አይጠይቅም፤ ሄልሜት አለ፣ ነፋስ አለ፣ የሞተሩ ጩኸት አለ። ሰይፉ ከፊቴ እየነዳ ሄልሜቱ ውስጥ ይዘፍናል፤ መብራት ላይ ስንቆም ይሰማኛል። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ችግሩ ምሳ ላይ ነው። ማክሰኞ አንድ ሜዳ ላይ ዳቦና ቱና ስንበላ እናቱ ግብር ሊጠይቅ የመጣውን ሰውዬ በጠላ አስክረው፣ መዝገቡን አስረስተው የሰደዱትን ታሪክ አወራልን። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ፊቴ እንዳያስታውቅብኝ ፈርቼ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ሆዴን ይዤ ሣሩ ላይ ተንከባለልኩ። ዳንኤል በበኩሉ ተነሥቶ ወደ ዛፎቹ ሄደ። ዓይኑ ቀልቶ ሲመለስ ሰይፉ ምን እንደሆነ ጠየቀው።

«ስቶማኬን ነው» አለ ዳንኤል ሆዱን ይዞ።

ይህች አንዲት ቃል ናት ያጠፋችን። ሰይፉ ደግ ሰው ነው። ከደግ ሰው ፊት ታመምኩ ብሎ መዋሸት አይገባም፤ ያስታምምሃል።

ረቡዕ ጠዋት የሞቴሉ ባለቤት፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ረጅም ሴትዮ፣ እንቁላልና ቤከን የሚሉትን ሥጋ ጠብሳ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችልን። ሰይፉ ጿሚ ነው፤ ዳቦና ማርማላታ ብቻ አነሣ። እኔ ረቡዕን ጾሜ አላውቅም። ያን ቀን ግን እሱ ፊት ቤከን መብላት ከበደኝና እኔም ዳቦ አነሣሁ። ጋሼ ወርቁም ዳቦ አነሡ። ዳንኤልም ዳቦ አነሣ። ሴትዮዋ ምግቧን ምን ነካው ብላ አሸተተችው።

«ዛሬ ምን ሆናችኋል?» አለ ሰይፉ። «ዳንኤል ቤከን ሲያልፍ ያየሁት ዛሬ ገና ነው።»

«ጾም አይደል እንዴ» አለ ዳንኤል፤ ድምፁ ተሰበረና ተነሥቶ ወጣ።

ሰይፉ ተከትሎት ሊወጣ ሲል ጋሼ ወርቁ ወንበር እንዲያቀርብላቸው ጠየቁት። አቀረበላቸው። ውሃ አሉት፤ አመጣላቸው። ለጉልበታቸው ትራስ አሉት። ሰውየው ሃያ ዓመት ደብዳቤ ሲያደርሱ ኖረው አሁን በአንድ ጠዋት ሽባ ሆኑ። ሰይፉ ግን ትራሱን አቀብሎ «ይኼ ልጅ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዶክተር ቼክ ያድርገው» አለና ሴትዮዋን ክሊኒክ የት እንዳለ ጠየቃት።

ዳንኤልን ከኋላው ጭኖት ሄደ። እኔም ለጥበቃ ተከተልኳቸው። ክሊኒኩ አንዲት ትንሽ ነጭ ቤት ናት። ዶክተሩ ሽማግሌ ነበር፤ ዳንኤልን አጋድሞ ሆዱን ተጫነ፣ ነካካ፣ አዳመጠ። ዳንኤል ኮሌጅ የጀመረ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛው ከሁላችንም ይሻላል። ሰይፉ ግን እጁን ይዞ ይተረጉምለታል። ዶክተሩ ምንም አላገኘበትም። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቀና በቅርቡ የሰማው መጥፎ ዜና፣ ሐዘን የመሰለ ነገር፣ ይኖር እንደሆነ ጠየቀው።

ዳንኤል እኔን አየኝ። ግድግዳው ላይ የጨጓራ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ እኔ ጨጓራውን አየሁ።

«የለም፤ ሁላችንም ሀፒ ነን። ቬኬሽን ላይ ነን» ብሎ መለሰ ሰይፉ።

ዳንኤል ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ማልቀስ ጀመረ። ዶክተሩ የወረቀት መሐረብ ሰጠው፤ ሰይፉ ግንባሩን አሻሸው። እኔ ወጥቼ ሞተሬ አጠገብ ቆምኩ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ዶክተር አለ፣ አልጋ አለ፣ ቢወድቅ የሚይዘው አለ። እትዬ ጥሩነሽ አደራ ብላኛለች ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አደራው አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

ወደ ሞቴሉ ስንመለስ ሰይፉ ፊቱ ጨልሞ ነበር። ዳንኤል ገብቶ ተኛ። ሦስታችን ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሞተሮቹ በረድፍ ቆመዋል፤ እንዲያርፉ። ሰይፉ የዳንኤልን በር አየት አደረገና «ዶክተሩ የለበትም ካለ፣ የዶክተር ነገር አይደለም ማለት ነው» አለ። «ለእማዬ ልደውልላት።»

ጋሼ ወርቁ ዳቦ እንደያዙ ቀሩ።

«ለማን?» አልኩት።

«ለእማዬ። ትሳልለት። እሷ ተስላለት የወደቀ ሰው የለም። እኔ ሱዳን በሰላም የገባሁት በማን ይመስልሃል? ጎረቤቶቻችን ቤት ስልክ አለ፤ ይጠሩልኛል።»

እንግዲህ ነገሩ የደረሰበትን ተመልከቱ። ሐዘኑን እንዳይሰማ ብለን ደበቅን፤ ስንደብቅ አለቀስን፤ ስናለቅስ ታመምን አልን፤ ታመምን ስንል እናቱ እንዲጸልዩልን ሊደውልላቸው ተነሣ። ይህን ያህል ተንኮል ቀን ከሌሊት ቁጭ ብለን ብንዶልት አይገኝም ነበር።

ጋሼ ወርቁ ቀድመው ነቁ። «አሁን እዚያ ሌሊት ነው፤ ሴትዮዋን ምን አስነሣህ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ገና እየመሸ ነው። እርስዎም አገር ቤት የሚደውሉት በዚህ ሰዓት አይደል እንዴ» አለ ሰይፉ።

«የሞቴሉ ስልክ የሚሠራ አይመስለኝም» አልኩ።

ይህን ስል ጋሼ ወርቁ ነገሩ ገባቸው። ያች ጉልበታቸው ድና ተነሡና ወደ ባለቤቲቱ ገሰገሱ። ስልኩ ተበላሽቷል ብላ እንድትነግረው ሊለምኗት ነው። በመስኮት እናያቸዋለን፤ ስልኩን ያሳያሉ፣ በጣታቸው አንገታቸውን ይቆርጣሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ሴትዮዋ ስልኩን አነሣች፣ ጆሯቸው ላይ ለጠፈችው፣ ከዚያ እስከ ገመዱ ጫፍ ይዛው ወደ በሩ መጣችና ለእኔም ለሰይፉም አሰማችን። እንደሚሠራ እንድናምን ብላ ነው። ደግነቱ ባሕር ማዶ በዚያ ስልክ አይደወልም አለች። በሳንቲም የሚደወልበት ፔይ ፎን የሚገኘው አራት ማይል ወርዶ ቤንዚን ማደያው ጋ ነው።

ሰይፉ ሳንቲም ሊያመጣ ወደ ክፍሉ ገባ። ያን ጊዜ የሠራሁትን ሥራ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለእናንተ ልንገራችሁ። ወደ ሰይፉ ሞተር ሮጥኩና እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ትኩስ ነበር፤ ጭኔን አቃጠለኝ። የአራታችንንም ሞተር የሚጠግነው ሰይፉ ነው። ካንዴላ አፈታት ያስተማረኝም እሱ ነው።

ወጣ። ሞተሩን ረገጠው፣ አልነሣም አለ። ጎንበስ ብሎ አየና «ካንዴላው የለም» አለ። እኔ «ሌባ ይሆናል» አልኩ። ከሞቴሉ እስከሚቀጥለው ቤት ድረስ ያለው ዛፍ ብቻ ነው። ሞተሬን እንዳውሰው ጠየቀኝ። ዘይቱ አልቋል አልኩት። የጋሼ ወርቁን ጠየቃቸው፤ ሞተራቸው እያረፈ እንደሆነ ነገሩት። የዳንኤል ቁልፍ ከተኛው በሽተኛ ጋር ነው። ሰይፉ እኛን አየን፤ ሞተሮቹን አየ። ሄልሜቱን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና በእግሩ መንገድ ጀመረ።

ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ ይለሰልሳል። ሰይፉ በዚያ ወፍራም ቡትስ ከፊት ይሄዳል። እኔ ተከተልኩ። ጋሼ ወርቁ ተከተሉ። ኮቴያችንን ሰምቶ ዳንኤልም ከአልጋው ተነሣና በፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሞልቶ፣ እየሮጠ ደርሶብን «ውሃ ጠጣ፣ ፀሐይ ነው» እያለ ከሰይፉ ጎን ተሰለፈ። እንዲህ ሆነን አንድ ማይል ያህል ሄድን።

አንድ ዳገት ጫፍ ላይ ሰይፉ ቆመና ዞረ። ለሞት የደረሰው በሽተኛ ውሃ ተሸክሞለታል። ጉልበታቸው አልንቀሳቀስ ያለው ሽማግሌ ከኋላው ዳገት ወጥተዋል። እኔ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሳወጣው ጣቶቼ ጥላሸት ለብሰዋል። አንድ በአንድ ተመለከተን። እሱም እኮ የእኛው ሰው ነው። በሱዳን በረሃ የሌላ ሰው መርዶ ደብቀን እንዲህ ተሰልፈን ስንከተል አብሮን ተሰልፏል።

«ማን ነው?» አለ።

ጋሼ ወርቁ ወደ ጫማቸው አጎነበሱ።

«ወንድሜ ነው?» ዝም አልን። «እኅቴ ናት? ወልዳ ነበር።» ዝም። «አጎቴ ናቸው፤ እርጅና ተጭኗቸዋል ብለው ጽፈውልኝ ነበር።» አጎቱ ናቸው እንድንለው ፊታችንን እያየ ለመነን። ከዚያ ጎረቤቶቻቸውን መጥራት ጀመረ፤ ባለስልኩን ጎረቤት ጠራ፣ የንስሐ አባታቸውን ጠራ፣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ጠራ። እናቱን ግን አልጠራም። ሰው ሲያልቅበት እኔን ብቻ ያየኝ ጀመር።

መንገር የጋሼ ወርቁ ነበር፤ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። እኔን አዩኝ። እኔ ዳንኤልን አየሁት። ዳንኤል ውሃውን አቅፎ ቆሟል። አንድ ደህና ነገር፣ እግዚአብሔር ያጽናህ የመሰለ፣ ሊወጣኝ ይገባ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፦

«ቅዳሜ ነበር የሚነገርህ።»

ይህን ቃል ከተናገርኩ በኋላ ስንት ነገር ተናግሬያለሁ፤ አንዱም አልሸፈነልኝም።

ሰይፉ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። «መቼ ሰማህ?» አለኝ።

«እሑድ።»

«ሰኞ ስዘፍን ሰምተኸኛል?»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ትናንት የግብር ሰብሳቢውን ወሬ ሳወራ…» አለና ተወው። እየተንከባለልኩ መሳቄን ሁለታችንም አስታወስን። «ሦስት ቀን ሙሉ አስዘፈንከኝ» አለ፤ ከዚያ አለቀሰ።

ሦስት ወንዶች ከበን ቆምን። ሙሾ የሚያወርድ የለም፣ የሚያስለቅስ የለም፣ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አናውቅም፤ ሁልጊዜ ሴቶቹ ነበሩ የሚያውቁት። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ወደ ጠርዝ እንገፈተራለን። በዚህ መሐል የሞቴሉ ባለቤት በፒካፗ መጣች፤ በእግራችን ስንሄድ አይታ የት ልንደርስ ነው ብላ ነው። ዳንኤልን ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችው። እናቱ ሞታለች አላት። ሴትዮዋ ወረደች፣ ሣሩ ላይ ከሰይፉ አጠገብ ተንበረከከች፣ እናትህ በመሞቷ አዝናለሁ አለችውና አቀፈችው። በቃ። እኛ ከእሑድ ጀምሮ ስንሸሸው የኖርነውን፣ ስሙን እንኳ የማታውቀው ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሰይፉ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ያዘችው።

ካንዴላውን ሌሊት መልሼ አሰርኩለት፤ ሐሙስና ዓርብ ወደ ኮሎምበስ ነዳን። ሰይፉ ሰምቶ ከነዳ መኪና ሥር ይገባል ተብሎ የለ? ደህና አድርጎ ነዳ። ከአራታችን በደንብ የነዳው እሱ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር።

ዓርብ ሬይኖልድስበርግ እስካለው አፓርታማው በር ድረስ ስሸኘው የማፍርበት ነገር ገና አላለቀም ነበር። «እትዬ ጥሩነሽ ማወቅህን አታውቅም» አልኩት። «ሰው ሺፍት ቀይሯል። ቄሱም መጥተዋል። ሽማግሌዎቹ…»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ…» አልኩና ቀረሁ።

«እንደ አዲስ ላልቅስላችሁ?» አለኝ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «እሺ።»

ቅዳሜ ሲነጋጋ ፓርኪንጉ ሞላ። እትዬ ጥሩነሽ ከፊት፣ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ተከትለው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በሩ ሲንኳኳ ሰይፉ ወዲያው ከፈተ፤ ለብሶ ነበር። ቄሱ የሚባለውን ሁሉ በቀስታ አሉ፣ ዞረው ዞረው የእናቱን ስም ጠሩ። ሴቶቹ ለመጮኽ እሱን ይጠብቃሉ። ሰይፉ ደረቅ ዓይኑን ይዞ ቆሟል። ሊያለቅስ ሞከረ፤ ፊቱ ሲጨማደድ አየሁት፤ አልመጣለትም። እንባውን ዳገቱ ላይ ጨርሶታል። እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

እኔ ጮኽኩ። የማላውቃቸውን ሴት ስም እየጠራሁ ደረቴን መታሁ፤ መጀመሪያ ለማስመሰል ነበር፣ በኋላ መቆም አቃተኝ። ሴቶቹም ተነሡ፤ ቤቱ ቀለጠ። «እንዲህ ያለ ጓደኛ ለሁሉም ይስጥ» ሲሉ ሰማሁ። ከወለሉ ያነሣኝ ሰይፉ ነው። ደግፎ ሶፋ ላይ አስቀመጠኝና አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«የአንተ ሲመጣ የምነግርህ እኔ ነኝ» አለኝ። «የሰማሁ ሰዓት። የትም ብትሆን።»

ከዚያ ወዲህ ሰይፉ ሞተሩን ሸጠ፤ ሥራም ቀየረ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ ልጆቼን ይስማል፣ ወሬ ግን አያበዛም። የኔ ቤተሰቦች አገር ቤት የያዙት የጓደኛ ስልክ ቁጥር የሱን ብቻ ነው። ሌላ ቁጥር ልልክላቸው ስንት ጊዜ ወረቀት አንሥቼ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት አላውቅም፤ እሱ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ሁለት ዓመት ሆነ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዕቃ የማነሣበት ፎርክሊፍት ላይ ሳለሁ ሱፐርቫይዘሩ ስልክ አለህ ብሎ ቢሮው ጠራኝ።

«ሰይፉ ነኝ» አለኝ። «እናትህ አረፉ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ነው የሰማሁት።»

የስልኩን ገመድ ጣቴ ላይ መጠምጠም ጀመርኩ።

«ለሰው አልነገርኩም፤ መጀመሪያ ላንተ ነው። ሥራ ላይ እንደሆንክ አውቃለሁ። እንደሚሆንህ ሁን፤ ስልኩን አልዘጋብህም። እዚሁ ነኝ።»

አልዘጋብኝም። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን እያገላበጠ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምን ሆንክ አለኝ፤ ምንም አልኩት። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ወደ ፎርክሊፍቴ ተመለስኩና ሰው መጥቶ እስኪነግረኝ ቅዳሜን መጠበቅ ጀመርኩ።